«ገበያው ቀዝቅዟል»

ሰሞኑን በመኝታ ክፍላችን የተነሣው ክርክር እስከ እኩለ ሌሊት አላስተኛንም። ምክንያቱ «ቤሪሽ» የምትባለው የእንግሊዝኛ ቃል ናት። የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ በጥር 2017 ዓ.ም. ከተከፈተ ወዲህ ኢኮኖሚክስ የሚማር ሁሉ ከአፉ አትለይም። ዘሯ ከድብ ነው። ዋጋ ይወድቃል ብሎ የሚጠብቀውን ነጋዴ የለንደን ሰዎች በፈረንጆች 1700ዎቹ መጀመሪያ «ድብ» አሉት፤ ድቡን ሳይዝ ቆዳውን እንደሚሸጥ አዳኝ፣ በእጁ የሌለውን ዛሬ በውድ ሸጦ ነገ በርካሽ ገዝቶ ያስረክባልና።

ለመሆኑ እኛ ድብን ከመጽሐፍ ቅዱስ በቀር የት እናውቀዋለን? አንዱ ወንድማችን «ሟርተኛ እንበለው» አለ። ሳቅን። ግን ሟርተኛ ክፉ ያወራል እንጂ በክፉው አያተርፍም። ሌላው «ቀዝቃዛ» አለ። ገበያ ይደራል፣ ይቀዘቅዛል፤ ይህን ያልሰማ የለም። ይሁን እንጂ «ቀዘቀዘ» የሆነውን ይናገራል እንጂ ይሆናል ተብሎ የሚፈራውን አይናገርም።

ይህ ሁሉ ሲባል የላንቴው ጓደኛችን ዝም ብሎ ነበር። ዝምታው ገባን።

አምና በዕረፍት ጊዜ እናቱ ቤት ሰንብተን ነበር። ላንቴ ከአርባ ምንጭ ወጣ ብሎ ያለ የሙዝ አገር ነው። ሙዙ ለቆረጣ ደርሶ ሳለ አንድ ደላላ መጣና «እናቴ፣ አዲስ አበባ ገበያው ቀዝቅዟል» አላቸው። እሳቸውም ወደ እኛ ዞረው «እናንተ የተማራችሁ፣ እውነት ነው እንዴ?» ሲሉ ጠየቁን። ምን እናውቃለን? አያውቁም መባልን ግን ፈራን። ስለ ፍላጎትና ስለ አቅርቦት ጥቂት ካወራን በኋላ «ሳይሆን አይቀርም» አልን። ሙዝ እንደ ቡና መጋዘን ገብቶ ዋጋ አይጠብቅም፤ በጥሬው ተቆርጦ፣ ኢሱዙ ላይ ተጭኖ፣ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ሳይበላሽ መድረስ አለበት። ሸጡ።

በማግስቱ ሲቀላ ስንደርስ መኪኖች ተሰልፈው ሙዝ ይሻማሉ። ዋጋውን ጠየቅን፤ እኚያ እናት ከተቀበሉት እጅግ ይበልጣል። ያ ደላላ «ቀዝቅዟል» ያለው ዋጋ ይወድቃል ብሎ ፈርቶ አልነበረም፤ እንዲወድቅለት ፈልጎ ነው። ያው ቃል ከሻጭ አፍ ሲወጣ እሮሮ፣ ከገዢ አፍ ሲወጣ የዋጋ መቁረጫ መሆኑን ከመምህራችን ሳይሆን ከዚያ ሰው ተማርን። የለንደኑም ድብ ቢሆን ክፉ ወሬ በማስወራት ይታማል።

የሆነ ሆኖ የመኝታ ክፍላችን ክርክር በ«ቀዝቃዛ» አሸናፊነት ተዘጋ። ድምፅ ያልሰጠው ያ ጓደኛችን ብቻ ነው። እናቱ ዛሬ ከቆረጣ በፊት እየደወሉ ሲቀላ ስንት መኪና እንደ ቆመ ይጠይቁታል። እኛንም ደኅንነታችንን ይጠይቁናል፤ ገበያ ግን ጠይቀውን አያውቁም።