የብራናው ኅዳግና የሰው ዕድሜ

በወሎ፥ በአምባሰል አገር፥ በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ከአባ ኢየሱስ ሞዓ ዘመን የተረፈ ወንጌል አለ፤ ዘመኑም እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር 1280/81 ነው። ጻድቁ በ1292 ዐረፉ፤ መጽሐፉ ግን ከ700 ዓመት በላይ ቈየ። የብራናን መጽሐፍ እንዲህ የሚያቈየው የቀለሙ ጽናት ብቻ አይደለም። የቀድሞ ጸሐፍት ቃሉን እስከ ጠርዙ አያደርሱም፤ በዙሪያው ኅዳግ ይተዋሉ፥ በመጀመሪያውና በመጨረሻውም ያልተጻፈበት ቅጠል ይጨምራሉ። የእጅ ወዝ፥ እርጥበት ወይም የአይጥ ጥርስ ቢደርስበት አስቀድሞ የሚጐዳው ባዶው ነው፤ ቃሉ ይተርፋል።

የሰው ሥጋም ይህን የሚመስል ኅዳግ እንዳለው የዘመናችን ተመራማሪዎች ገልጠዋል። በአብዛኛው የሥጋችን ሕዋስ ውስጥ የትውልድ ጽሕፈት የተጠቀለለባቸው 46 ክሮች አሉ፤ እነርሱም ክሮሞዞም ይባላሉ። በጫፋቸው ሁሉ ባለ ስድስት ፊደል የሆነ አንድ ቃል ከሺህ ጊዜ በላይ የተደጋገመበት ዳርቻ አለ። ስሙ ቴሎሜር ነው፤ በጽርእ ቋንቋ ቴሎስ ፍጻሜ፥ ሜሮስ ክፍል ማለት ነውና።

ሕዋስ በተከፈለ ቍጥር ጽሕፈቱ ይገለበጣል፤ ግልባጩ ግን የመጨረሻዪቱን ጫፍ ስለማያዳርሳት ዳርቻው እያጠረ ይሄዳል። ሊዮናርድ ሄይፍሊክ በ1961 የሰው ሕዋስ ከሰውነት ውጭ ሲያድግ 50 ጊዜ ያህል ከተከፈለ በኋላ መከፈሉን እንደሚተው አስታወቀ። ኤልዛቤት ብላክበርንና ካሮል ግራይደር ደግሞ ዳርቻውን መልሶ የሚቀጥለውን ቴሎሜሬዝ አገኙ፤ ከጃክ ሾስታክ ጋራም በ2009 የኖቤልን ሽልማት ተቀበሉ።

ይህን የሰማ ሰው፥ ዳርቻውን ማስረዘም እርጅናን ማስቀረት ነው ብሎ ይቸኩል ይሆናል፤ ነጋዴም በዚሁ ተስፋ መድኃኒት ይሸጥለታል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። የእርጅና ምክንያት ብዙ ነው፤ የቴሎሜር ማጠር ከብዙው አንዱ ነው። ደግሞም አብዛኛው ነቀርሳ፥ ካንሰር የሚባለው፥ ቴሎሜሬዝን ቀስቅሶ ያለ ልክ የሚባዛ ነው። እንግዲህ ማጠሩ ጉዳት ብቻ ሳይሆን ጥበቃም ሆነ፤ አንዱ ሕዋስ አልሞትም ሲል ሥጋው ሁሉ ይሞታልና። ነገር ግን ዘር በሚሆኑት ሕዋሳት ዘንድ ዳርቻው ይታደሳል። ስለዚህ ከሽማግሌ የተወለደ ሕፃን የአባቱን እርጅና ይዞ አይወለድም።

የሐይቅም ትምህርት የኖረው በዚህ ሥርዓት ነው። አቡነ ተክለ ሃይማኖት ከአባ ኢየሱስ ሞዓ ተምረው፥ በኋላ ደብረ ሊባኖስ የተባለውን ደብረ አስቦን መሠረቱ። የመምህሩ ዕድሜ አለቀ፤ ትምህርቱ ግን በደቀ መዝሙሩ ታደሰ። የቅኔ መምህር ዕውቀት አብዛኛው በቃል እንጂ በብራና የተጻፈ አይደለምና፥ ተማሪ ሳይተካ ያረፈ እንደ ሆነ የሚጠፋው ኅዳጉ ሳይሆን ቃሉ ራሱ ነው። ዕድሜን ለማስረዘም ገንዘቡን የሚያወጣ ሰው ከዚያው ከፍሎ ለአንድ ተማሪ ቀለብ ቢሰጥ፥ ከራሱ ዕድሜ የሚበልጥ ነገር ባስረዘመ ነበር።