ቀጭኑ የቦሌ አየር

ከአገሩ የወጣ ሰው ጥሎት የመጣው ቤትና ዘመድ ብቻ አይደለም፤ ሳይጀምረው የቀረ ሙያም አለው። ከማውቃቸው ወገኖች መካከል ሕክምና ሊማር ተመድቦ ሳለ የተሰደደ የመኪና ማቆሚያ ሠራተኛ አለ፤ የሕግ ትምህርቷን አቋርጣ የመጣች የአረጋውያን ተንከባካቢም አለች። የእኔው መብረር ነበር። አባቴ በቦሌ የአውሮፕላን ጥገና ባለሙያ ስለ ነበሩ፣ በቤታችን እራት የሚበላው ስለ ሞተር እየተወራ ነው። እኔ ግን አብራሪነቱ ጋ ሳልደርስ አገሬን ለቅቄ በቺካጎ የታክሲ ሾፌር ሆንኩ። ኦሄር አውሮፕላን ማረፊያ አጠገብ ታክሲዎች ተራ በሚጠብቁበት ሰፊ ሜዳ ላይ፣ ከራሴ በላይ የሚያልፉትን አውሮፕላኖች እያየሁ ስንት ክረምት እንዳሳለፍኩ እግዚአብሔር ይወቀው።

በረራን በወጉ ለመማር ሁለት በሮች ተዘግተውብኝ ነበር። አንደኛው ገንዘብ ነው። የአሜሪካ ሕግ ለግል አብራሪነት ፈቃድ ቢያንስ 40 የበረራ ሰዓት ይጠይቃል፤ ብዙ ሰው ከዚያም በላይ ይፈጅበታል። የአንዱ ሰዓት የአውሮፕላን ኪራይና የአስተማሪ ክፍያ ሲደመር ከአንድ ቀን የታክሲ ገቢዬ ይበልጥ ነበር። ሁለተኛው ወረቀት ነው። እ.ኤ.አ. መስከረም 2001 ከደረሰው ጥቃት በኋላ (ዓመተ ምሕረቶቹን ሁሉ የምጠቅሰው በዚሁ አቆጣጠር ነው)፣ የውጭ ዜጋ የበረራ ትምህርት ከመጀመሩ በፊት የመንግሥትን የደኅንነት ማጣሪያ እንዲያልፍ ተደነገገ። የጥገኝነት ጉዳዩ ገና ያልተወሰነለት ሰው «መብረር መማር እፈልጋለሁ» ብሎ ለማመልከት ድፍረቱን ከየት ያመጣል? ስለዚህ በሳሎኔ ጥግ፣ ማንም ፓስፖርት በማይጠይቅበት አውሮፕላን ላይ ተቀመጥኩ።

ነገሩን «የልጆች ጨዋታ» ብለው የሚያቃልሉት አሉ። የምስለ በረራ ታሪክ ግን እንደዚያ አይልም። ኤድዊን ሊንክ የተባለው አሜሪካዊ አባቱ የፒያኖና የኦርጋን ፋብሪካ ነበራቸው፤ እርሱም በ1929 ከኦርጋን ወናፍና ከአየር መንፊያ ቁሳቁስ መሬት ላይ ተተክሎ የሚያዘነብልና የሚዞር አንድ ትንሽ «አውሮፕላን» ሠራ። በመጀመሪያ ገዢው የመዝናኛ ሥፍራ ነበር። በ1934 የአሜሪካ ጦር የፖስታ ማጓጓዝን ሥራ ተረክቦ፣ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ በርካታ አብራሪዎች በመጥፎ አየር ምክንያት ሲሞቱ፣ ጦሩ ስድስት የሊንክን መሣሪያዎች ገዛ። ከመዝናኛ ሥፍራ ወደ ጦር ሠፈር የወሰደው የሰው ሞት ነው።

የቤቱ ምስለ በረራም ከከተማዬ ጋር የቆየ ዝምድና አለው። ማይክሮሶፍት በ1982 ባወጣው ፕሮግራምና ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት በተከተሉት፣ ተማሪው በረራውን የሚጀምረው በቺካጎ ሐይቅ ዳር ካለችው ሜግስ ፊልድ ከተባለች ትንሽ ማረፊያ ነበር። በመጋቢት 2003 የከተማው አስተዳደር በሌሊት መኪና ልኮ መንደርደሪያዋን አስቆፈረው። እኔ ከዚያ በኋላም ከእርሷ ተነሥቼ በርሬያለሁ።

ከዚህች ከተማ የተነሣ አንድ ሌላ ሰው ደግሞ ሁልጊዜ ትዝ ይለኛል። ጆን ሮቢንሰን ጥቁር አሜሪካዊ በመሆኑ የበረራ ትምህርት ቤት በር ሲዘጋበት፣ በዚያው ትምህርት ቤት በጽዳት ሠራተኝነት ገብቶ ከክፍሉ ጀርባ ትምህርቱን ያዳምጥ እንደ ነበር ይነገራል። ይኸው ሰው በ1935 አገራችን ገብቶ የንጉሠ ነገሥቱን አየር ኃይል መርቷል፤ ከጦርነቱ በኋላም ተመልሶ ወጣቶቻችንን አስተምሯል፤ በ1954 በአውሮፕላን አደጋ ቆስሎ በአዲስ አበባ ሞቷል። የፊት በር ለተዘጋበት ሰው የጓሮ በር ነውር እንዳልሆነ ከእርሱ የተሻለ ምስክር አላውቅም።

ወደ ትምህርቱ ልመለስ። የጀመርኩት ሴስና 172 በሚባለው፣ አራት ሰው በሚይዝ ባለ አንድ ሞተር አውሮፕላን ነው። ለሾፌር የመጀመሪያው ትምህርት የለመደውን መርሳት ነው። መሬት ላይ አውሮፕላን የሚታጠፈው በእግር ፔዳል እንጂ በእጅ አይደለም፤ መሪውን ቢያዞሩት ጎማው ወዴትም አይዞርም። መኪና ነዳጅ ሲሰጡት ይፈጥናል። ተስተካክሎ የሚበር አውሮፕላን ግን ኃይል ሲጨምሩለት ፍጥነቱን እንደ ያዘ ወደ ላይ ይወጣል፤ ሲቀንሱለት ይወርዳል። ፍጥነቱን በአብዛኛው የሚወስነው አፍንጫው ከአድማሱ አንጻር የያዘው ቦታ ነው። ይህች አንዲት ነገር ከጭንቅላቴ ወርዳ እጄ ውስጥ እስክትገባ ሁለት ወር ፈጀች።

ቀጥሎ የመጣው «ስቶል» ነው። ክንፍ አውሮፕላኑን የሚሸከመው አየሩን በልክ በሆነ ማዕዘን እስከ ገጠመው ድረስ ነው፤ ማዕዘኑ 15 ዲግሪ ገደማ ካለፈ አየሩ ከክንፉ ጀርባ ይላቀቅና ክንፉ ይከዳል። ሞተሩ ደኅና ሆኖ እየሠራም ቢሆን አውሮፕላኑ ይሰምጣል። መድኃኒቱ ከደመ ነፍስ ጋር ይቃረናል፤ እየወደቁ ሳለ አፍንጫውን ወደ ታች መግፋት ነው። ይህን በ3,000 ጫማ ላይ ሆን ብዬ ከመቶ ጊዜ በላይ ደጋግሜዋለሁ። «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ይሉ የለ? ሳሎን ውስጥ መውደቅ የማንንም ሕይወት ስለማይጠይቅ፣ ፍርሃት ከመምጣቱ በፊት እጅ ሥርዓቱን ይለምዳል።

ከዚያ በኋላ ያለው ዙር መምታት ነው። መነሣት፣ ከመሬት 1,000 ጫማ ያህል ከፍ ብሎ ከመንደርደሪያው ጎን ለጎን መብረር፣ ሁለት ጊዜ መታጠፍ፣ በ65 ኖት ፍጥነት መውረድ፣ ማረፍ፣ እንደገና መነሣት። ባለቤቴ ማታ ማታ «ዛሬስ የት ደረስክ?» ትለኝ ነበር። «የትም። ተነሣሁ፣ አረፍኩ» እላታለሁ።

እጄ ሲደነድን ወደ ቦሌ ሄድኩ። ቺካጎ ከባሕር ጠለል በላይ 200 ሜትር ገደማ ናት፤ ቦሌ ግን ከ2,300 ሜትር፣ ማለትም ከ7,600 ጫማ ይበልጣል። የቀኑ ሙቀት 20 ዲግሪ ሲሆን ደግሞ ለክንፍና ለሞተር አየሩ በ10,000 ጫማ ላይ እንዳለው ይሳሳል። «የቦሌ አየር ቀጭን ነው፤ ሞተር እዚህ ይደክማል» ይሉ ነበር አባቴ። በልጅነቴ ተረት ይመስለኝ የነበረው ቃል አሁን በመለኪያው ላይ በቁጥር ተጽፎ አየሁት። የትንሿ አውሮፕላን ሞተር ሩብ ያህል ኃይሉን ያጣል። አየሩ ሲሳሳ ነዳጁ ስለሚበዛበት፣ ከመነሣት በፊት ድብልቁን ማቅጠን ያስፈልጋል። የፍጥነት መለኪያው 65 ኖት ሲያሳይ አውሮፕላኑ በአየሩ ውስጥ በእውነት የሚጓዘው በ75 ነው፤ ስለዚህ መንደርደሪያው ይረዝማል፣ ወደ ላይ መውጣቱም ቺካጎ ላይ ከሚወጣው ግማሽ አይሞላም። ወደ ምዕራብ ሲነሡ እንጦጦ በቀኝ በኩል ቆሞ ይጠብቃል።

አባቴ በ2009 አረፉ። ወረቀቴ ገና በእንጥልጥል ስለ ነበር ለቀብራቸው አልደረስኩም። ለቅሶ የተቀመጥነው በሳሎናችን ነው። ሰው ሁሉ ከሄደ በኋላ፣ ሌሊት፣ ሰባት ቀን ሙሉ ቦሌ ላይ ዙር መታሁ። በአማርኛችን አውሮፕላንም ሰውም ያርፋል። ያኔ በነበረው ፕሮግራም አዲስ አበባ ቡናማ መሬት ላይ የተበተኑ ሳጥኖች ናት፤ የሠፈራችን መንገድም፣ አባቴ የሠሩበት ጋራዥም የለም። ከፍታው ግን ትክክል ነበር፤ የሞተሩ ድካምም ትክክል ነበር። ከአባቴ ጋር የቀረኝ ነገር ያ ነበርና በእርሱ ተጽናናሁ።

ዜግነት ካገኘሁ በኋላ ባለቤቴ ከቁጠባዋ አውጥታ የአንድ ሰዓት የሙከራ በረራ ገዛችልኝ። ከከተማው ወጣ ባለ ትንሽ ማረፊያ፣ ያችኑ ሴስና 172 በእጄ ነካኋት። የማውቀው ብዙ ነበር፤ የእያንዳንዱ መሣሪያ ስምና ቦታ፣ የፍተሻው ቅደም ተከተል፣ የኃይልና የአፍንጫ ግንኙነት። የማላውቀውም ብዙ ነበር። መሪው ከእጅ ጋር ይታገላል፤ ነፋስ ከታች ይገፋል፤ ሆድ ከሰውነት ዘግይቶ ይደርሳል። አረጋዊው አስተማሪ ዝም ብለው ቆይተው «በኮምፒዩተር የተማርክ ነህ አይደል?» አሉኝ። በዚያ መንገድ የመጡ ተማሪዎች ሁሉ ዓይናቸው ከመለኪያዎቹ እንደማይነሣ ነገሩኝና፣ ካርታቸውን አጥፈው በመለኪያዎቹ ላይ ጋረዱት። «ውጭውን ተመልከት። አድማሱ ያለው እዚያ ነው።» ተመለከትኩ። አውሮፕላኑ ጸጥ አለ።

ሆኖም አንባቢ ሆይ፣ የመሣሪያው ትምህርት ከንቱ ነው ማለቴ አይደለም። ደመና ውስጥ የገባ አብራሪ በጆሮው ውስጥ ያለው ሚዛን ስለሚዋሽው፣ እየዞረ ሳለ ቀጥ ብሎ የሚሄድ ይመስለዋል። በዚያ ሰዓት የሚያድነው መለኪያው ብቻ ነው። ሰማዩ ሲጠራ ደግሞ የሚያድነው መስኮቱ ነው። እኛ ስደተኞች ለብዙ ዓመታት አገራችንን ያየናት በመሣሪያ ነው፤ በስልክ፣ በሬዲዮ፣ በምስል። ደመና ስለ ነበር ሌላ መንገድ አልነበረንም። ሰማዩ የጠራለት ሰው ግን ቀና ብሎ በመስኮት ሊያይ ይገባዋል። እኔም ከስንት ዓመት በኋላ በሰው አውሮፕላን ተሳፍሬ ቦሌ ስወርድ፣ የመጀመሪያውን ትንፋሼን ስስብ፣ ደረቴ ቀጭኑን አየር ዐወቀው። ይህን በሳሎኔ ውስጥ የትኛውም መለኪያ አልነገረኝም።

ዛሬ በበረራ መዝገቤ ላይ የሰፈረው 22 ሰዓት ነው። ሳሎን ውስጥ ያሳለፍኳቸውን ሰዓታት ሕጉ አይቆጥራቸውም፤ መቆጠርም የለባቸውም። ነገር ግን በቤታችሁ ውስጥ ማታ ማታ ከኮምፒዩተር ፊት ተቀምጦ የሚበር ልጅ ካለ፣ «ጊዜህን አታባክን» ብላችሁ አታስነሡት። ወንበር ሳቡና አጠገቡ ተቀመጡ፤ ከየት እንደ ተነሣና የት ሊያርፍ እንዳሰበ ጠይቁት። ቦሌ ካላችሁም፣ ድብልቁን ማቅጠን እንዳይረሳ ንገሩልኝ።