የአላን ጃንጥላ

የዚህ ገጽ ደንበኞች እንደምታውቁት፣ እዚህ የሚነሣው ጉዳይ አብዛኛውን ጊዜ ምርጫ፣ ሕገ መንግሥትና የፓርቲዎች ንትርክ ነው። ዛሬ ግን ከዚያ ፈቀቅ ብዬ ስለ አንድ አስቂኝ ባሌት ላጫውታችሁ ተነሥቻለሁ። “አገር እንዲህ እየታመሰች ይህ ሰው ስለ ፈረንጅ ጭፈራ ያወጋናል” የሚል አይጠፋም፤ ቅሬታው ይገባኛል። ብቻ ፍርዱን እስከ መጨረሻው አንቀጽ ያቆይልኝ።

ባሌቱ “ላ ፊይ ማል ጋርዴ” ይባላል፤ ወደ አማርኛ ሲመለስ “በቅጡ ያልተጠበቀች ልጅ” እንደ ማለት ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው እ.ኤ.አ. ጁላይ 1 ቀን 1789 በፈረንሳይ አገር በቦርዶ ከተማ ሲሆን፣ የደረሰው ዣን ዶቤርቫል ነው። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ፣ ጁላይ 14 ቀን፣ የፓሪስ ሕዝብ ባስቲልን ሰብሮ ገባ። አብዮቱን ባሌቱ አመጣው ብሎ የሚከራከር ቂል አይኖርም። ሆኖም የባሌት መድረክ የአማልክትና የጀግኖች ርስት በነበረበት ዘመን፣ ነዶ የሚሸከሙ፣ ቅቤ የሚንጡና ፈትል የሚፈትሉ የገጠር ሰዎች መሐል መድረኩን ይዘው መታየታቸው፣ ነፋሱ ከየት እየነፈሰ እንደነበር የሚጠቁም ይመስለኛል።

የዶቤርቫል ጭፈራ ራሱ ከጠፋ ዘመናት ተቆጥረዋል። ዛሬ በሰፊው የሚታወቀው፣ እንግሊዛዊው ፍሬደሪክ አሽተን ታሪኩን ይዞ ጭፈራውን እንደ አዲስ ቀምሮ፣ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 28 ቀን 1960 በለንደኑ ኮቨንት ጋርደን ያቀረበው ነው። ሙዚቃውን ያቀናበረው ጆን ላንችቤሪ ሲሆን፣ መነሻው ፈርዲናንድ ኤሮልድ በ1828 ለዚሁ ባሌት ያዘጋጀው ነበር።

ታሪኩን ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ብዙ ማብራራት አያስፈልግም፤ ከየመንደራችን የተቀዳ ይመስላል። መበለቲቱ ሲሞን የእርሻ ባለቤት ናት። አንዲት ልጇን ሊዝን፣ ቶማ ለተባለ ባለጸጋ የወይን እርሻ ባለቤት ልጅ ልትድራት ቆርጣለች፤ እርሻ ከእርሻ ይጋጠማል፣ ሀብት ከሀብት ይዛመዳል። ሊዝ ግን ልቧን የሰጠችው ኮላ ለሚባል ድኻ ጎረምሳ ገበሬ ነው። የታጨላት ልጅ አላን የዋህ ፍጥረት ነው፤ ከሴት ይልቅ ቀይ ጃንጥላውን ይወዳል፣ እንደ ፈረስም ይጋልባታል። የጋብቻው ውል ሊፈረም ውል አዋዋዩ መጥቶ፣ የሊዝ መኝታ ክፍል ቁልፍ ለአላን ተሰጥቶት በሩን ሲከፍት፣ ሊዝና ኮላ አብረው ይገኛሉ። ቶማ በቁጣ ልጁን እየጎተተ ይወጣል፤ ሲሞንም ተለምና ልጇን ለኮላ ትፈቅዳለች። ዘመድ ወዳጅ ሁሉ እየጨፈረ ይወጣና ቤቱ ባዶ ይቀራል። ያኔ አንድ ሰው ቀስ ብሎ ይመለሳል፤ አላን ነው። ረስቶት የሄደውን ጃንጥላ ፈልጎ ያገኛል፤ ደረቱ ላይ አቅፎ በደስታ ይሄዳል። መጋረጃው የሚወርደው በዚህ ነው።

*

ባሌት ከሚያዘወትሩ ሰዎች ጋር የተቀመጠ ሰው ቶሎ የሚያስተውለው ነገር አለ። ሰዎቹ ታሪኩን በቃላቸው ያውቁታል፤ የሚጠይቁት ምን እንደሚታይ ሳይሆን ዛሬ ማን እንደሚጫወት ነው። በአንድ ሰሞን ውስጥ ልዩ ልዩ ተዋንያን እየተፈራረቁ ሊዝንና ኮላን ይሆናሉና፣ ያው ተመልካች ያንኑ ሥራ ሁለቴ ሦስቴ አይቶ ያነጻጽራል። እኔም ከላይኛው ርካሽ ወንበር ሆኜ ያየሁት ቢኖርም፣ አንባቢ ራሱ አይቶ እንዲፈርድ በፊልም የተቀረፁትን ብጠቅስ ይሻላል፤ የ1962ቱን፣ የ1981ዱን፣ የ2005ቱንና የ2015ቱን።

ከሊዝ ልጀምር። ደቡብ አፍሪካ የተወለደችው ናዲያ ኔሪና አሽተን ሚናውን በልኳ የቀመረላት ናት፤ በ1962ቱ የቢቢሲ ፊልም ስትዘል ወደ መሬት የመመለስ አሳብ ያላት አትመስልም። በ1981 ሌስሊ ኮሊየር ያንኑ ጭፈራ በፈጣን እግሮቿ እንደ ጥልፍ ትሠራዋለች። በ2005 የቦነስ አይረሷ ማሪያኔላ ኑኜዝ መድረኩን በፈገግታዋ ትሞላዋለች፤ እናቷን ስታታልል እንኳ ተመልካቹ ከእሷ ጋር ያሤራል። በ2015 የሞስኮዋ ናታሊያ ኦሲፖቫ አስቂኙን ነገር ሁሉ አጉልታ፣ ከልጃገረድ ይልቅ ለቅጣት ወደማትበገር እረኛ ታስጠጋዋለች።

ይሁንና የሊዝ ፈተናዋ ዝላይ አይደለም። በሁለተኛው ገቢር እናቷ ቆልፋባት ስትወጣ፣ ሊዝ ለብቻዋ ስለ ሠርጓ ታልማለች፤ ሙሽራ ትሆናለች፣ ልጆች ትወልዳለች፣ አንዱን ትገሥጻለች፣ ሌላውን ታባብላለች። ይህ ሁሉ ያለ ቃል በእጅና በፊት ብቻ ይነገራል። ይህን ክፍል ለአሽተን ያስተላለፈችው በቅዱስ ጴጥሮስ ከተማ ሊዝን ትጫወት የነበረችው ታማራ ካርሳቪና ናት። ድንገት ከተከመረው ነዶ ውስጥ ተደብቆ ሲያያት የነበረው ኮላ ብቅ ይላል። ያኔ ሊዝ በኀፍረት ትቀልጣለች። አንዳንዷ ተዋናይ ይህን ለሣቅ ትጠቀምበታለች፤ አዳራሹም ይሥቃል። አንዳንዷ ግን ኀፍረቱን እውነተኛ ታደርገዋለች፤ ያን ጊዜ አዳራሹ መሣቁን ትቶ ዝም ይላል። እኔ ኮሊየርንና ኑኜዝን የምመርጠው ስለዚህ ዝምታ ነው። ኦሲፖቫን የሚመርጥ ወዳጅ አለኝ፤ ስንከራከር አምሽተን በሰላም ተለያይተናል።

በኮላ ላይ ብዙ አልቆይም። የ2005ቱ ኮላ የሃቫና የጭነት መኪና ሹፌር ልጅ የሆነው ጥቁሩ ካርሎስ አኮስታ ነው፤ በ2020 የበርሚንግሃም ሮያል ባሌት ዳይሬክተር ሆኗል። የፈረንሳይ ገበሬ ነኝ ሲል ማንም “አይመስልም” አላለውም፤ ሊዝን በአንድ እጁ ከራሱ በላይ አንሥቶ እንደ ወንበር ሲያስቀምጣት፣ ተመልካቹ የሚያስበው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እንዳትወድቅ። ችሎታ የዘርን ጥያቄ የሚዘጋው እንዲህ ነው።

የመበለቲቱ ሲሞን ሚና በወንድ የሚሠራ ነው። ይህ ለእኛም እንግዳ አይደለም፤ በአገራችን ዘመናዊ ቲያትር በተጀመረበት ዘመን ሴት ሆነው የሚጫወቱት ወንዶች ነበሩ። የእኛ ግን ሴት መድረክ ላይ መውጣቷ እንደ ነውር ይቆጠር ስለነበር ነው፤ የእንግሊዞቹ ለሣቅ ነው። ሲሞን በእንጨት ጫማ መሬቱን እየደበደበች ከአራት ልጃገረዶች ጋር የምትጨፍርበት ትዕይንት የባሌቱ ዝነኛ ክፍል ነው። ነገር ግን እዚህም ልዩነት አለ። አንዱ ተዋናይ በቀሚስ ውስጥ ያለ ወንድ መሆኑን እንዳንረሳ ይፈልጋል፤ ያ ያሥቃል፣ ቶሎም ያሰለቻል። የ1962ቱ ስታንሊ ሆልደን ግን ባሏ ሞቶባት እርሻ ብቻዋን የምታስተዳድር፣ ልጇ ነገ እንዳትቸገር የምትሠጋ እናት ያሳየናል። በልጇ ላይ ብትቆልፍም ክፉ አይደለችም፤ የምትፈራ ሰው ናት።

*

እዚህ ላይ ወደ ዋናው ጉዳዬ እገባለሁ፤ ወደ አላን።

በአንድ ምሽት ዕረፍት ላይ፣ አጠገቤ የተቀመጡ አንድ አዛውንት ይህን ባሌት ከወጣትነታቸው ጀምሮ እየተመላለሱ እንዳዩ አጫወቱኝ። የትኛውን ምሽት እንደሚመርጡ ስጠይቃቸው፣ መጀመሪያ የሚያዩት የሊዝን ወይም የኮላን ስም ሳይሆን የአላንን እንደሆነ ነገሩኝ። ምክንያታቸውን አላብራሩልኝም፤ ደውሉ ተደወለና ገባን። እኔም ከዚያ ወዲህ ዓይኔን ከአላን ላይ መንቀል አቃተኝ።

አላንን መጫወት ከባድ ነው። እርምጃው ሁሉ የተዛነፈ ነው፤ ዘሎ ሲያርፍ ይንገዳገዳል፣ ሲጨፍር እግሩና እጁ ይጣላሉ። እንዲህ አበላሽቶ ለመጨፈር በጣም አሳምሮ መጨፈር ይጠይቃል። ተዋናዩ ጥቂት ከተሳሳተ አላን የመንደር ጅል ይሆናል፤ አዳራሹም በደካማ ሰው ላይ የሚሥቅ የመንደር ጎረምሳ ይሆናል። የመጀመሪያው አላን፣ የኒው ዚላንዱ አሌክሳንደር ግራንት፣ ይህን አላደረገም። በፊልሙ የምናየው አላን የራሱ ዓለም ያለው ልጅ ነው፤ እኛ ጃንጥላ የምንለው ለእርሱ ፈረስ ነው። የ2005ቱ ጆናታን ሃውልስና የ2015ቱ ፖል ኬይም፣ እያንዳንዳቸው በየመንገዳቸው፣ ይህን ርኅራኄ ጠብቀዋል። በሩን ከፍቶ ሊዝንና ኮላን ሲያይ በአላን ፊት ላይ የሚያልፈውን ነገር ተመልከቱ፤ አንድ ሁለት ሰከንድ ቢሆን ነው። ተዋንያኑ ጥሩ ከሆኑ፣ በዚያች ቅጽበት ሙሉ አዳራሽ ለአሸናፊዎቹ እያጨበጨበ ለተሸናፊው ያዝናል። ሁለቱ ስሜቶች በአንድ ልብ ውስጥ ሳይጣሉ ይቀመጣሉ።

የባሌቱ ደራሲ ራሱ ይህን አስቦበታል። የመጨረሻዋን ደቂቃ ለሙሽሮቹ አልሰጠም፤ ለተሸነፈው ሰጠ። ከዚህ የበለጠ የሚገርመው ደግሞ ከመድረክ ውጪ የሆነው ነው። አሽተን በ1988 ሲሞት ባሌቶቹን ለቅርብ ባልደረቦቹ በኑዛዜ አከፋፈለ። “ላ ፊይ ማል ጋርዴ” የደረሰው ለሊዝ ወይም ለኮላ አልነበረም፤ ለአሌክሳንደር ግራንት፣ ለአላን ነበር። በ2011 እስኪሞት ድረስ የሥራው ባለመብት ሆኖ የኖረው፣ በየምሽቱ ሙሽራዋን ሲያጣ የነበረው ሰው ነው።

*

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። የኑኜዝና የአኮስታ ፊልም የተቀረፀበት 2005 ለእኛ የ1997ቱ ምርጫ ዓመት ነው። ተሸናፊ የተባሉት የቅንጅት መሪዎች የት እንደዋሉ ታውቃላችሁ፤ ወህኒ ወርደው በ1999 ማብቂያ በይቅርታ ተፈቱ። ከዚያ በፊትም የነበረው ከዚህ የከፋ እንጂ የተሻለ አልነበረም። ኅዳር 14 ቀን 1967 ስልሳ የቀድሞው መንግሥት ሹማምንት ያለ ፍርድ ተረሸኑ። በ1983 ደርግ ሲወድቅ መሪው ዚምባብዌ ገባ፤ ባለሥልጣናቱ ወህኒ ገቡ። እርግጥ ነው፣ ከእነዚህ መካከል እጁ በደም የተነከረ አለ፤ እርሱን ፍርድ ቤት ይጠይቀው። እኔ የምለው ግን በታሪካችን የተሸነፈ ሰው የሚሄድባቸው ጎዳናዎች ሦስት ብቻ መሆናቸውን ነው፤ መቃብር፣ ወህኒ፣ ስደት። አራተኛ ጎዳና፣ ወደ ቤት የሚወስደው፣ አልተጠረገም።

“አላን ሙሽራዋን ከልቡ አልፈለጋትም፤ ሽንፈቱ የቀለለው ለዚህ ነው” የሚል ተከራካሪ ሊነሣ ይችላል። ትክክል ነው። የፖለቲካ ተሸናፊ ወንበሩን ከልቡ ይፈልጋል፤ ስለዚህም ያመዋል። ነገር ግን ልብ በሉ፤ በመጨረሻ ለአላን የተሰጠው ስጦታ የለም። ካሣም፣ ሹመትም፣ ሌላ ሙሽራም አላገኘም። ያገኘው ወደ ውድድሩ ከመግባቱ በፊት የራሱ የነበረችውን ጃንጥላ ነው። ተሸናፊ የሚጠይቀው ከዚህ አይበልጥም፤ ስሙን፣ ቤቱን፣ ሥራውን፣ ነገ ደግሞ ተመልሶ የመሞከር መብቱን። እነዚህን አሸናፊ በቸርነት የሚሰጣቸው አይደሉም፤ ከመጀመሪያውም የእርሱ አልነበሩምና። ተሸንፎ ጃንጥላውን ይዞ ወደ ቤቱ እንደሚሄድ የሚያውቅ ሰው፣ ላለመሸነፍ ብሎ ቤቱን በሙሉ አያቃጥልም። በሥልጣን ላይ ያለውም ቢሆን እንዲሁ ነው፤ ከወንበሩ ሲወርድ ምን እንደሚጠብቀው ስለሚያውቅ ነው የማይወርደው።

ይህ የመንግሥት ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ የእኛ የተመልካቾቹም ነው። አንዱን ወገን ስንደግፍ ሌላው ሲወድቅ መሣቅ የግድ ይመስለናል። በየካፌውና በየስብሰባው የተሸነፈን ሰው ስንቀልድበት አዳራሹን የምንሞላው እኛው ነን። ተዋንያን ምን ያህል ቢራቀቁ፣ ተመልካቹ ማዘን ካልቻለ የአላን መመለስ ከንቱ ነው።

በአገራችን ጃንጥላ የዝናም መከላከያ ብቻ አይደለም፤ በጥምቀት ቀን ከታቦት በላይ የሚዘረጋ የክብር ጥላ ነው። እድሉን አግኝታችሁ ይህን ባሌት በፊልምም ሆነ በአዳራሽ ያያችሁ እንደሆነ፣ ሠርገኛው ወጥቶ ሲያልቅ ለመነሣት አትቸኩሉ። አላን እስኪመለስ ጠብቁት።

ቸር ይግጠመን።