የዓባይን ልጅ ደሴት ናፈቀው

ዛሬ ስለ ሽርሽር ብንጫወትስ? «ሽርሽር» የምትለዋን ቃል ስታዩ «በዚህ ኑሮ!» ብላችሁ ገጹን እንዳትገለብጡት። የማወራችሁ ባለሀብት ስለሚሄደው ሽርሽር አይደለም። በሦስት ቀን ተሄዶ ስለሚመለስበት፣ አስጎብኚ ድርጅት ሳያስፈልግ ራሳችሁ አቅዳችሁ ስለምትሄዱት የደሴት ጉዞ ነው።

የኮሪያ ተከታታይ ፊልም የሚያይ ሰው ጄጁ የምትባለውን ደሴት ያውቃታል። ፍቅረኞቹ ሲጣሉም ሲታረቁም አውሮፕላን ተሳፍረው ጄጁ ናቸው። መሐሏ ላይ 1,950 ሜትር ያህል ከፍታ ያለው ሃላሳን የሚባል የእሳተ ገሞራ ተራራ አለ። በዳርቻዋ ደግሞ ያለ አየር መሣሪያ ባሕር እየጠለቁ፣ የባሕር ቀንድ አውጣና አረም እየለቀሙ ቤት የሚያስተዳድሩ ሴቶች አሉ። ዩኔስኮ የእሳተ ገሞራ መልክዓ ምድሯን እ.ኤ.አ. በ2007፣ የሴቶቹን ሙያ ደግሞ በ2016 መዝግቦታል። እዚህ ቢቸናና ሞጣ ቁጭ ብሎ ጄጁን የሚመኝ ወጣት ሞልቷል። አያቶቻችን እ.ኤ.አ. በ1951 ከቃኘው ሻለቃ ጋር ኮሪያ የሄዱት በመርከብ፣ ለጦርነት ነበር። እኛ በስልክ፣ ለፍቅር እንሄዳለን!

ምኞት አይከለከልም። ግን እስቲ ካርታ ዘርግታችሁ ተመልከቱ። ዓባይ ከጣና ይወጣና ጎጃምን በምሥራቅ፣ በደቡብና በምዕራብ አቅፎ ይዞራል። የቢቸና ሰው አዲስ አበባ ልሂድ ካለ ደጀን ወርዶ ዓባይን መሻገር አለበት። የሞጣ ሰው ማዶ አንዳቤት ያለ ዘመዱን ልጠይቅ ካለም እንደዚያው። ጎጃም ደሴት ለመባል ትንሽ ነው የቀረው። እኛ እኮ ደሴተኞች ነን! ታዲያ ከእኛ ከደሴተኞቹ ውስጥ ጣና ላይ ያሉትን ደሴቶች ያየ ስንት ነው? የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው ማለት ይኼ ነው።

ወደ ነገሬ ልግባ። አንዲት የሞጣ ልጅ ጓደኛ አለችኝ። ፓስፖርቷ ወጥቶ ወደ ዓረብ አገር ለመሄድ ቪዛ ስትጠብቅ፣ አንድ ቀን ቡና እየጠጣን «ሰው አገር ሄጄ አገርሽ ምን አለ ቢሉኝ ምን ልላቸው ነው? ከሞጣ ሌላ የማውቀው የለኝ» አለች። በጥር 2015 ዓ.ም. እሷ፣ ታናሽ ወንድሟና እኔ ተነሳን። እናትየው «ውኃ ዘመድ የለውም ልጆቼ» ብለው ቢቆጡም፣ መሄዳችን እንደማይቀር ሲያውቁ ዳቦ ጋገሩልን። ያን ጉዞ ስናቅድ የተማርኩትን ነው ዛሬ የማካፍላችሁ።

አንደኛ፣ የት እንደምትሄዱ ሳይሆን እነማን እንደምትሄዱ አስቀድማችሁ ወስኑ። ይኼ ቀላል ነገር አይምሰላችሁ። ጣና ላይ ካሉት ገዳማት አንዳንዶቹ ሴት አያስገቡም። ለባሕር ዳር ቅርብ የሆነው ክብራን ገብርኤል አያስገባም። የይኩኖ አምላክ፣ የዳዊት፣ የዘርዓ ያዕቆብና የፋሲለደስ አፅም ያረፈበት ዳጋ እስጢፋኖስም አያስገባም። የጓደኛዬ ወንድም «ነገሥታቱን ሳላይ አልመለስም» ብሎ ዳጋን ይዞ ክችች አለ። «እህቴ ጀልባው ላይ ትጠብቀናለች» ብሎም ፈረደ። እሷም «ገንዘቡን ሳዋጣ ሴት መሆኔ አልታያችሁም ነበር!» አለችን።

እውነቷን ነው። ጉዞው የተጀመረው በእሷ ምክንያት ነው። እሷን ጀልባ ላይ አስቀምጦ ነገሥታት መጎብኘት ምን የሚሉት ሽርሽር ነው? ልብ በሉ፣ የገዳሙን ሥርዓት የሚያወጡት አባቶች ናቸው፤ እንግዳ ሄዶ ከመነኮሳት ጋር ሙግት አይገጥምም። ሙግቱ እርስ በርስ፣ ከቤት ሳይወጡ፣ ቡናው ላይ ይለቅ። እኛም ተሟግተን ዳጋን ተውንና ናርጋ ሥላሴን መረጥን። ናርጋ ከጣና ደሴቶች ሁሉ ትልቁ ከሆነው ከደቅ ጋር የተያያዘ ነው፤ ሴትም ወንድም ይገባል። ያሠሩትም ሴት ናቸው፤ በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የነበሩት እቴጌ ምንትዋብ። ለቅርብ ጉዞ ደግሞ ከክብራን ጎን ያለው እንጦስ ኢየሱስና የዘጌዎቹ ዑራ ኪዳነ ምሕረትና አዝዋ ማርያም ሴቶችን ይቀበላሉ።

ሁለተኛ፣ ሰዓቱን ከኋላ ወደ ፊት ቁጠሩ። ብዙ ሰው ጉዞ የሚያቅደው ከቤቱ ጀምሮ ነው። የደሴት ጉዞ ግን የሚታቀደው ከጀልባዋ ነው። ጣና ጠዋት ጠዋት እንደ መስታወት ይተኛል፤ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ይነሳና ማዕበሉ ጀልባ ያንገላታል። በክረምትማ ባታስቡት ይሻላል። ናርጋ በሞተር ጀልባ ለመሄድ ብቻ ወደ ሦስት ሰዓት ገደማ ይፈጃል። እንግዲህ ሳይነፍስ ለመመለስ ጠዋት በ12 ሰዓት ተኩል ጀልባ ላይ መገኘት ግድ ነው። ለዚያ ደግሞ ባሕር ዳር ማደር ያስፈልጋል። ባሕር ዳር ለማደር ከሞጣ በጠዋቱ መነሳት ነው፤ በአዴት በኩል ወደ 120 ኪሎ ሜትር ነው። ከቢቸና የሚነሳ ሰው በደብረ ወርቅ አድርጎ ሞጣ ስለሚደርስ ከዚያም ቀደም ይበል። ሚኒባስ «አሁን እንወጣለን» ካለ በኋላ ሞልቶ እስኪወጣ ያለውን ሰዓት መቁጠር አትርሱ!

በጥር የምትሄዱ ከሆነ ማደሪያችሁን ቀድማችሁ በስልክ ያዙ። የጥምቀት ሰሞን ባሕር ዳር ሰው በሰው ይሆናል፤ የአልጋ ዋጋም ሰማይ ይነካል።

ሦስተኛ፣ ገንዘባችሁን ሦስት ቦታ ክፈሉት፤ የመሄጃ፣ የመመለሻና የችግር ጊዜ። የመመለሻው ቢያልቁም አይነካ! ትልቁ ወጪ ጀልባው ነው። ጀልባ ኮንትራት ሲያዝ ዋጋው በሰው ቁጥር ብዙም አይለዋወጥም። ስለዚህ ሦስት ሆናችሁ ከምትከፍሉት ስድስት ሆናችሁ ብትካፈሉት በግማሽ ይቀልላችኋል። ወደቡ አካባቢ እንደ እናንተ ጓደኛ የሚፈልግ ሰው አይጠፋም። ሳትሳፈሩ ይኼን ጠይቁ፦ የምንሄደው ስንት ደሴት ነው? ስንወርድ ስንት ሰዓት ትጠብቀናለህ? ነዳጁ ከዋጋው ውስጥ ነው? ለእያንዳንዳችን የሕይወት አድን ጃኬት አለህ? የመጨረሻውን «የለም፣ አያስፈልግም» ካላችሁ አመስግናችሁ ሌላ ጀልባ ፈልጉ። የገዳማቱ መግቢያ ለየብቻ ስለሚከፈል ዝርዝር ብር ያዙ።

አራተኛ፣ ሻንጣ አታብዙ። መታወቂያ፣ ነጠላ፣ ኮፍያ፣ ውኃ፣ ቆሎና ዳቦ ይበቃል። ቤተ ክርስቲያን ስትገቡ ጫማ ስለሚወልቅ ቶሎ የሚወልቅ ጫማ አድርጉ። ደሴቱ ላይ ምግብ ቤት አገኛለሁ ብሎ ባዶ እጁን የሄደ ሰው ረቡዕና ዓርብ ባይሆንም ይጾማል። ከውኃ ስትመለሱ ግን ቆሮሶ የሚባለውን የጣና ዓሣ ተጠብሶ ብሉልኝ!

በመጀመሪያው ቀን ባሕር ዳር ገብተን አመሻሽ ላይ ወደ ዓባይ ድልድይ ሄድን። ያኔ አዲሱ እየተሠራ ነበር። በግንቦት 2016 ዓ.ም. የተመረቀው ይኼ ድልድይ 380 ሜትር ርዝመት አለው። ጓደኛዬ ወንዙ ከሐይቁ ቀስ ብሎ ሲወጣ አይታ «ይኼ ነው እኛ ጋ ሲደርስ እንደዚያ የሚፎክረው?» ብላ ሳቀች። እሷ የምታውቀው ዓባይ በሞጣ በኩል ሰባራ ድልድይ ሥር ያለውን ነው።

ስለ ሰባራ ድልድይ ሳልነግራችሁ አላልፍም። በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ በአፄ ፋሲለደስ ጊዜ በድንጋይና በኖራ ተሠራ። በጣሊያን ወረራ ዘመን መሐሉ ተሰበረ። ከዚያ በኋላ ከ60 ዓመት በላይ ሰው ወገቡን በገመድ ታስሮ፣ ከወዲያና ከወዲህ እየተጎተተ በአየር ላይ ተሻገረ። አንድ ኬን ፍራንዝ የሚባል አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ2001 ይኼን በመጽሔት ፎቶ አይቶ «ብሪጅስ ቱ ፕሮስፐሪቲ» የተባለ ድርጅት አቋቋመ። በ2002 ድልድዩ ተጠገነ፣ በ2005 ጎርፍ መልሶ ወሰደው፣ በ2009 ደግሞ በኬብል የሚንጠለጠል የእግረኛ ድልድይ ተሠራ። አንድ ቀን ትርፍ ያለው ሰው ከሞጣ ተነስቶ ይኼንንም ይይ። ዋናው መንገድ ላይ ስላልሆነ የእግር መንገዱን የሚያውቅ የአካባቢ ሰው ይዞ፣ በጠዋት ይውረድ። ቆላ ነው፣ ፀሐዩ አይቻልም።

ናርጋ ስንደርስ ምን አየን? ዙሪያውን ዛፍ፣ መሐሉ ላይ ክብ ቤተ ክርስቲያን፣ ግድግዳው ከላይ እስከ ታች ሥዕል ነው። ከሥዕሎቹ አንዱ ላይ እቴጌ ምንትዋብ ራሳቸው እመቤታችን እግር ሥር ተደፍተው ተሥለዋል። ያንን ሁሉ ያሠሩ እቴጌ ለራሳቸው የመረጡት ቦታ መሬት ላይ ነው! ጓደኛዬ ሥዕሉ ፊት ብዙ ቆመች። ምን እንዳሰበች አልጠየቅኳትም። ስንመለስ ጀልባው ላይ «እንኳን ዳጋ ቀረብን» ያለው ወንድሟ ነው። በሦስተኛው ቀን ጠዋት እንጦስን አይተን፣ ከሰዓት በፊት ሚኒባስ ይዘን፣ ሳይመሽ ሞጣ ገባን። እሷ በሁለተኛው ወር ሄደች።

አሁን የግድ መነገር ያለበት ነገር አለ። እኛ በሄድንበት ዓመት ማብቂያ ላይ በክልላችን ጦርነት ተነሳ። ከዚያ ወዲህ መንገዱ አንድ ሰሞን ይከፈታል፣ አንድ ሰሞን ይዘጋል። ትናንት ሰላም የነበረው ነገ ላይሆን ይችላል። ስለዚህ ከላይ ከነገርኳችሁ ሁሉ በፊት የሚቀድም ሕግ አለ፦ ከመነሳታችሁ ከሁለት ቀን በፊት ጀምራችሁ በየቀኑ ጠይቁ። የምትጠይቁት ደላላን አይደለም፤ እሱ «ሰላም ነው» ሳይል አያድርም። በዚያ መንገድ ትናንት የመጣ ሹፌር፣ አዴትና ባሕር ዳር ያለ ዘመድ፣ የምታድሩበት ቤት ባለቤት ጠይቁ። ሦስቱ አንድ ነገር ካላሉ ቅሩ። ቤት የሚጠብቅ ሰው መቼ እንደምትደርሱ ይወቅ። በምሽት አትጓዙ። መቅረት ገንዘብ አያስከፍልም፤ ለጀልባው ቀብድ ብትሰጡም ቀብዱ ይቅር!

«ታዲያ መሄድ ካልተቻለ ማቀዱ ምን ይጠቅማል?» የሚል አይጠፋም። ይጠቅማል። እንግዳ ሲጠፋ ጀልባ ነጂው፣ ዓሣ ጠባሿ፣ አስጎብኚው ልጅ ሁሉ ሥራ ፈተዋል። ሰላሙ ሲመለስ ማዶ ያለው ፈረንጅ እስኪመጣ ብዙ ይቆያል። ቀድመን መድረስ ያለብን ቅርብ ያለነው፣ የቢቸና፣ የሞጣ፣ የደብረ ወርቅ ልጆች ነን። ደሴቱ የትም አይሄድም። ዝግጁ ሆኖ የጠበቀ ሰው መንገዱ በተከፈተ ሳምንት ይነሳል፤ ያላቀደው ደግሞ «እህ፣ አንድ ቀን» እያለ ስልኩ ላይ ጄጁን ያያል።

እንግዲህ ዛሬ ማታ ቡና ስትጠጡ አንድ ነገር አድርጉ። ከማን ጋር እንደምትሄዱ ስማቸውን ጻፉ። ከዝርዝሩ ውስጥ ሴት ካለች ዳጋን ሰርዙት። በየወሩ የምታዋጡትንም ትንሽ ብር ከዛሬ ጀምራችሁ አስቀምጡ። ሰላሙን አምላክ ያምጣልን፤ የቀረው በእጃችን ነው። ደህና ሰንብቱ!