ለደላላ እጽፋለሁ



ከትምህርት ውጭ ምን እንደምሠራ ለሚጠይቁኝ የዶርም እህቶቼ «ለደላላ እጽፋለሁ» ስላቸው ይስቃሉ። አንዷማ «ደላላ ደግሞ ምን ይጻፍለታል?» ብላኛለች። አልፈርድባትም። የአዲስ አበባ የቤት ደላላ ማስታወቂያ ለብዙ ዘመን የኤሌክትሪክ ምሰሶ ላይ የተለጠፈች ቁራጭ ወረቀት ነበረች፤ «የሚከራይ ቤት አለ» ትላለች፣ ከሥሯ ስልክ ቁጥር፣ በቃ። አሁን ወረቀቷ ወደ ቴሌግራም ገባች እንጂ ብዙም አልተለወጠችም። «አስቸኳይ ሽያጭ! እጅግ ውብ ቤት! ዋጋ በድርድር!» ፎቶው ደግሞ ብዙ ጊዜ የሌላ ቤት ነው። ቤቱ ከተከራየ ወር ቢያልፈውም ማስታወቂያው አይነሳም፤ ደዋይ ያመጣላ! የደወለውን ሰው «እሱ አሁን ተያዘ፣ ሌላ ግን አለ» ይሉታል።

እኔ የምጽፍላቸው ደላላ የእናቴ ወንድም ናቸው። ጀሞ ኮንዶሚኒየም ሰው መግባት ከጀመረ ጊዜ አንስቶ እዚያው ሰፈር ቤት ያከራያሉ፣ ያሻሽጣሉ። ቢሮ የላቸውም፤ አንድ ሱቅ በር ላይ ወንበር አላቸው። የትምህርት ወጪዬን ግማሽ የሚሸፍኑልኝ እሳቸው ስለሆኑ ገበያቸው ሲቀዘቅዝ እኔም ይበርደኛል። ባለፈው ዓመት ወጣት ደላሎች በስልካቸው ደንበኛውን ሁሉ ሲወስዱባቸው ጠሩኝና «አንቺ ተምረሻል፣ አሳምረሽ ጻፊልኝ» አሉኝ።

ማሳመሩ አልታየኝም። «እጅግ ውብ» የሚለውን ሁሉም ጽፎታል፤ እኔ ብጨምርበት ማን ይሰማኛል? ይልቅ አንድ ቅዳሜ ከወንበራቸው አጠገብ ተቀምጬ ሰው ደውሎ የሚጠይቃቸውን በደብተር ያዝኩ። ስንተኛ ፎቅ ነው? ውሃ በሳምንት ስንት ቀን ይመጣል? ሮቶ አለው? ቆጣሪው የግል ነው የጋራ? ባለቤቱ ራሱ ነው የሚያከራየው ወይስ ወኪል? ቀብድ ስንት? ማታ ሜክሲኮ የሚሄድ ታክሲ እስከ ስንት ሰዓት ይገኛል? እስከ ዐስር ሰዓት ድረስ «ቤቱ ውብ ነው ወይ?» ብሎ የጠየቀ አንድም ሰው የለም።

ስለዚህ መልሶቹን መጻፍ ጀመርኩ። መጀመሪያ የጻፍኩት አራተኛ ፎቅ ለምን እንደሚረክስ ነበር። ሕንፃው ሊፍት የለውም፤ ውሃው ኃይል ሲያጣ ላይኛው ፎቅ ሳይደርስ ይቀራል፤ ጄሪካን ተሸክሞ መውጣት ይመጣል። ትንሽ ልጅ ወይም አሮጊት እናት ላለው ሰው ይከብዳል። ለብቻው ለሚኖር ጉልበታም ወጣት ግን ነፋሻ ነው፣ ከጎረቤት ጫጫታም ይርቃል፣ ኪራዩም ይቀንሳል። አጎቴ አንብበው «ቤቱን አዋረድሽው» አሉኝ። በዚያው ሳምንት ግን ቤቱን ሁለት ጓደኛሞች ተከራዩት፤ ሲመጡ ስለ ውሃው ምንም አልጠየቁም፣ አውቀውት ነበር የመጡት። ደረጃውን ወጥቶ አይቶ «ይቅርብኝ» የሚል ሰው ሲቀንስ የአጎቴም ጉልበት ተረፈ። ስድሳ ዓመት አልፏቸዋል፣ በቀን ስድስት ሰባቴ አራተኛ ፎቅ መውጣት ቀላል አይደለም።

ከዚያ ስለ ወረቀት ጻፍኩ፤ ይህኛው ብዙ አድካሚ ነበር። ቤት የሚገዛ ሰው ቀብድ ከመክፈሉ በፊት ምን ማየት አለበት? ካርታው በማን ስም እንደሆነ፣ ከዕዳና እገዳ ነፃ መሆኑን የሚያሳይ ማስረጃ መኖሩን፣ ሻጩ ባለትዳር ከሆነ የሁለቱም ፈቃድ መኖሩን፣ ወራሾች ካሉ ሁሉም መስማማታቸውን፣ ሻጩ ወኪል ከሆነ ውክልናው መሸጥን በግልጽ የሚፈቅድና ያልተሻረ መሆኑን። በ20/80 የተገኘ ኮንዶሚኒየም ደግሞ አምስት ዓመት ሳይሞላው መሸጥ አይፈቀድም፤ «በውስጥ ውል እንጨርሰዋለን» የሚል ሻጭ ሲመጣ መሸሽ ነው። ይህን ሁሉ አጎቴ በቃላቸው ያውቁታል። ዝም ብዬ እየጠየቅኳቸው ጻፍኩት።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። የደላላ ሸቀጥ ቤት አይደለም፣ መረጃ ነው። ቤቱ የሌላ ሰው ነው፤ እሱ ያለው «የት እንዳለ አውቃለሁ» ማለቱ ብቻ ነው። ብሎክ ቁጥሩን ከነገርከው ሰውየው ራሱ ሄዶ በር ያንኳኳል፣ ኮሚሽኑም በነነ። አጎቴ «ሁሉን ጽፈሽ እኔን ምን ልታስቀሪልኝ ነው?» ያሉት እውነት አላቸው። የተስማማነው ስለ ሰፈሩና ስለ አሠራሩ የምናውቀውን ሁሉ በነፃ ልንሰጥ፣ ብሎኩንና የቤት ቁጥሩን ግን እሳቸው ይዘው እንዲቀሩ ነው። ዋጋ ግን ይጻፋል አልኩ፤ ዋጋ የተደበቀበት ማስታወቂያ የሰው ጊዜ ይበላል።

ስለ ስሙም አስቤበታለሁ። ደላላ የሚለው ቃል በዐረብኛ መንገድ ከማመላከት የመጣ ነው፤ በአማርኛ ጆሮ ግን «መደለል» የሚለውን ያስታውሰናል፣ ሕዝቡም የሚሰማው ያንኑ ነው። በአቡ ዳዉድና በቲርሚዚ በተዘገበ ሐዲስ ቀይስ ኢብን አቢ ገረዛ (ረ.ዐ) እንደሚናገሩት፣ እነሱ «ሰማሲራ»፣ ማለትም ደላሎች፣ ይባሉ ነበር፤ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከዚያ በተሻለ ስም ነጋዴዎች ብለው ጠሯቸው፤ ንግድ ውስጥ ከንቱ ወሬና መሐላ ስለሚገባም ሶደቃ እንዲቀላቅሉበት አዘዟቸው። ለአጎቴ ስነግራቸው ዝም ብለው ቆዩና «መሐላውን እንኳ እኔ አልምልም» አሉ። እውነት ነው፣ አይምሉም።

የከበደው የኪራይ አዋጁ ጊዜ ነበር። አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ውሉ ከሁለት ዓመት እንዳያንስና እንዲመዘገብ ይላል፤ ቅድመ ክፍያውም ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ይከለክላል፤ ክፍያውም በባንክ ወይም በሌላ ኤሌክትሮኒክ መንገድ ነው። እኔ ይህንኑ ቀለል አድርጌ ጻፍኩት። በማግስቱ ሦስት ቤት በአጎቴ በኩል የሚያከራዩ አንድ ባለቤት ደወሉ። የስድስት ወር ቅድሚያ ነበር የሚጠይቁት። «ያቺ ልጅ ጽሑፉን ካላነሳች ቤቶቼን ከእርስዎ አወጣለሁ» አሉ።

አጎቴ አልተቆጡኝም፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። «ልጄ፣ የሦስት ቤት ጉዳይ ነው» ብቻ አሉኝ። እኔም ሒሳቡን አውቀዋለሁ፣ የእኔም ወጪ ከዚያ ነው። «ጽሑፉ የእርስዎ ስም አለበት፣ ካሉኝ አነሳዋለሁ፤ አዋጁ ግን አይነሳም፣ ነገ ተከራዩ ከሌላ ሰው ይሰማዋል፣ ያኔ ‹ደላላው ያውቅ ነበር› ይላል» አልኳቸው። ሁለት ቀን አልደወሉም። በሦስተኛው ቀን «ተይው፣ ይቆይ» አሉኝ። ባለቤቱ ሁለቱን ቤት ወሰዱ፣ አንዱን ተዉት። ለምን እንደተዉት አልነገሩንም።

ደግ ዋጋ አገኘን ብዬ አላስመስልም፤ የዚያ ወር ገቢ ቀንሷል። ከጅዳ የደወለች አንዲት እህት ግን የውክልናውን ጽሑፍ አንብባ «ለዓመታት ቤት ሠራተኛ ሆኜ ያጠራቀምኩት ነው፣ ወንድሜ ያገኘውን ቤት አንተ እይልኝ» ብላ አጎቴን ለመነች። አጎቴ ወረቀቱን ሲያስጣሩ ቤቱ የባንክ ዕዳ ነበረበት፤ ሻጩ ይህን ለወንድሟ አልነገረም። አልገዛችም። አጎቴም ከዚያ ቤት ያገኙት ኮሚሽን የለም፤ የታክሲያቸውንም ከኪሳቸው ከፈሉ። አሁን ሌላ እየፈለጉላት ነው፣ ኢንሻአላህ።

በዚህ ሳምንት የምጽፈው ስለ መጨረሻ ፎቅ ጣራ ነው። ክረምት ላይ የሚያፈስ ቤት በበጋ እንዴት እንደሚታወቅ፦ ኮርኒሱ ጥግ ላይ ያለው ቢጫ ክብ፣ አዲስ የተቀባ አንድ ግድግዳ ብቻ፣ ቁም ሣጥን ውስጥ ያለ የሻጋታ ሽታ። አጎቴ አንድ የሚከራይ ቤት ውስጥ ክቡን ራሳቸው በስልካቸው አንስተው ልከውልኛል፣ ከሥሩም «ይህንንም ጻፊው» ብለዋል። የቤቱ ባለቤት ግን እስካሁን አልፈቀዱም።