በሩ ለትንሹ ክለብም ይስፋ

የስምንት ዓመት ልጄ የምትጫወትበት የሰፈራችን የቼዝ ክለብ ስድስት ልጆች ብቻ አሉት። የአካባቢው ሊግ ደግሞ ከአንድ ቡድን ስምንት ተጫዋች ይጠይቃል። እናም ልጄና ጓደኞቿ ዳር ቆመው ያያሉ። እናንተስ ቤት እንዲህ የቀረ ልጅ የለም?

ሥራዬ ማርኬቲንግ ነው። ደንበኛ ሲቀንስ መጀመሪያ የምንፈትሸው በራችን ጠቦ እንደሆነ ነው። የሊግም በር ሊሰፋ ይችላል። አገሮች የሚገናኙበት የቼዝ ኦሊምፒያድ እንኳ በአንድ ግጥሚያ ከየቡድኑ የሚያሰልፈው አራት ተጫዋች ነው። እ.ኤ.አ. ከ1976 ጀምሮም የሚካሄደው በስዊስ ስልት ነው፦ የተሸነፈ ቡድን አይሰናበትም፤ በቀጣዩ ዙር ተቀራራቢ ነጥብ ካለው ጋር ይገጥማል። ከ2008 ወዲህ ደግሞ 4 ለ 0 ያሸነፈም 2.5 ለ 1.5 ያሸነፈም እኩል 2 ነጥብ ያገኛል። ስለዚህ አንድ ክፉ ቀን የትንሹን ክለብ ዓመት አያበላሽም።

ትልልቆቹ ክለቦች «የተረፉት ልጆቻችን የት ይሂዱ?» ይሉ ይሆናል። ተገቢ ጥያቄ ነው። ሁለተኛ ቡድን ያስመዝግቡ፤ ተጠባባቂ ሆኖ የሚውለው ልጅም ይጫወታል።

ወላጆች፣ ስብሰባ ስትጠሩ ስለ ልጃችሁ ውጤት ብቻ ሳይሆን ስለ ደንቡም ጠይቁ። ልጄ ብትሸነፍ አይከፋኝም፤ ቼዝ በመሸነፍም ይለመዳል። ለመሸነፍ ግን መጀመሪያ ወንበሩ ላይ መቀመጥ አለባት።