ምሁሩና የራዲዮው ሰዓት

በ2017 ዓ.ም. በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ የተነሣው የመሬት መንቀጥቀጥ አዲስ አበባን በነቀነቀበት በአንደኛው ሌሊት፣ ብርድ ልብስ ተከናንበን ከአራተኛ ፎቅ የወረድን ጎረቤታሞች ሲነጋ አንድ ራዲዮ ከብበን ቆምን። አንድ የዩኒቨርሲቲ የሥነ ምድር ምሁር ይጠየቁ ነበር።

«ትልቁ መቼ ይመጣል?» አለ ጋዜጠኛው።

ምሁሩ ስምጥ ሸለቆው እንዴት እንደሚላቀቅ፣ ቅልጥ ዐለትም በስንጥቁ ውስጥ እንዴት እንደሚገፋ አስረዱ፤ ቀኑን ግን ሳይንስ ቈርጦ ሊናገር አይችልም አሉ። «ታዲያ ለምን ቀረቡ?» ብዬ አጕረመረምሁ።

«ቀን የሚቈርጥልህ ከፈለግህ ጠንቋይ ቤት ሂድ፣ ልጄ» አሉኝ አጠገቤ የቆሙ አሮጊት።

አፈርሁ። ለሃያ ዓመታት ለመድረክ ስጽፍ ምሁር የተባለውን ገጸ ባሕርይ ሁሉ ባለ መነጽርና ሁሉን ዐዋቂ አድርጌ ስቀርጽ ኖሬአለሁ፤ ተመልካችም ይስቅልኛል። «አላውቅም» የሚል ምሁር ግን አንድም ቀን መድረክ ላይ አላወጣሁም።

ምሁሩ ቀጠሉ። በ1953 ዓ.ም. የካራ ቆሬው መንቀጥቀጥ ማጀቴን እንዴት እንዳፈረሰ አወሱና፣ «ዋናው ነገር የቤቱ አሠራር ነው፤ ዓምዱና ብረቱ...» ብለው ሲጀምሩ ጋዜጠኛው ሰዓቱ ማለቁን ገልጦ አመሰገናቸው። ማስታወቂያ ተከተለ።

ስለ ዓምዱም ስለ ብረቱም ሳንሰማ ወደ አራተኛው ፎቅ ወጣን።